ገመናን ማን ይይዛል? የታካሚ ምስጢር በአሰላና በአርሲ ደጋ፣ ከወጌሻ ደጃፍ እስከ ዳታ አዋጅ

በአርሲ ደጋ ሕክምና የሚጀምረው ከካርድ ክፍል ነው። ከጪላሎ የወረደው ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ ጋቢና ነጠላ የተከናነቡ ሰዎች በአንዲት ትንሽ መስኮት ፊት ይሰለፋሉ። ከመስኮቷ ወዲያ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ ቆሟል፤ በላዩም ጠርዛቸው የተበላ ካርዶች ተደርድረዋል። «ስም? የአባት ስም? ቀበሌ?» ይላል ከውስጥ የሚወጣው ድምፅ። መስታወቱ ወፍራም ነው፣ ሰልፉም ይንጫጫል፤ ስለዚህ መልሱ በሹክሹክታ አይሰጥም። «የትኛው ክፍል ነው የምትገባው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣማ ከኋላ የቆመው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ታካሚው ሐኪም ፊት ሳይቀርብ ግማሽ ገመናው ሰልፉ ላይ ቀርቷል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የጪላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 67,269 ነዋሪ ነበራት። ይህ ቁጥር ሆስፒታል ለመሙላት ይበቃል፤ ምስጢር ለመደበቅ ግን አይበቃም። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የእድር አባል፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ የጎረቤት ልጅ፣ ነርሷ የጓደኛ እህት ልትሆን የምትችልበት ከተማ ነው። ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ፣ ከኢተያ ወይም ከሁሩታ የሚመጣውም ታካሚ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚያውቀው ሰው አያጣም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ተናገር ይላል፤ ለማን እንደሚነገር ግን ለሰሚው ይተወዋል። የታካሚ ምስጢር ታሪክ የዚህ ያልተመለሰ ጥያቄ ታሪክ ነው። ይህ ቅኝት ከወጌሻና ከንስሐ አባት ተነሥቶ፣ በሆስፒታል ካርድ፣ በሕግ መጻሕፍት፣ በኤች አይ ቪ ዘመንና በቤተሰብ ማህደር አልፎ፣ በ2016 ዓ.ም. እስከ ወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ይወርዳል። ዝርዝሩን ለሕግና ለጤና መረጃ ባለሙያዎች እንተውና እኛ መንገዱን ከኮረብታ ላይ እንይ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ ምስጢር ያዡ በተለወጠ ቁጥር ጥበቃው ዘግይቶ ደርሷል።

ምስጢሩ የመድኃኒቱ በነበረበት ዘመን

በጥንቱ ሕክምና ምስጢር ሞልቶ ነበር፤ ግን በአብዛኛው የታካሚው ምስጢር አልነበረም። ወጌሻው የወለቀውን ክንድ የሚመልሰው በግቢ፣ ዘመድ አዝማድ ከቦት ነው። የታመመ ሰው ጓዳ ብቻውን አይተኛም፤ ሕሙም መጠየቅ ግዴታ ነውና ሠፈሩ ሁሉ ገብቶ ያየዋል፣ ምን እንደሚሰማው ይጠይቀዋል፣ የራሱንም መድኃኒት ይመክረዋል። ተቆልፎ የሚጠበቀው የባለ መድኃኒቱ ዕውቀት ነበር። የትኛው ሥር፣ በየትኛው ቀን ተነቅሎ፣ ከምን ጋር ተወቅጦ እንደሚሰጥ ባለሙያው ለአንድ ልጁ ብቻ፣ ያውም ዕድሜው ሲመሽ ይነግረዋል። በደብተራው እጅ የሚገኘው የመድኃኒት መጽሐፍም በቀላሉ ለሰው አይገለጥም።

ዘመናዊው ሕክምና ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። ዛሬ የመድኃኒቱ ስምና ይዘት በካርቶኑ ላይ ታትሞ ማንም ያነበዋል፤ የሚሸሸገው የታካሚው ስም ነው። የሁለቱን ዘመናት ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንናገር ከተባለ ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን ቀድሞ የሰው ገመና ጠባቂ አልነበረውም ማለት አይደለም። በክርስቲያኑ ዘንድ የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ ይሞታል፤ ኃጢአትና በሽታ ተቀራርበው ይታዩ በነበረበት ዘመን ደግሞ ብዙ ሕመም መጀመሪያ የሚነገረው ለእርሱ ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ «ወዩ» የሚባል የክብርና የቅድስና ሥርዓት አለ። ሰውም፣ ነገርም፣ ግንኙነትም ወዩ ሊሆን ይችላል፤ ወዩ የሆነውን መድፈር ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋት ነው። የሴቶቹ በትር ስንቄ ወዩ ናት። የወለደች እናት በግንባሯ ላይ የምታስረው ቀነፋም ወዩ ነው።

ቀነፋ ለጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ይዟል። ሴትየዋ አራስ መሆኗን፣ ሰውነቷ ገና አለመጠንከሩን ለመንገደኛ ሁሉ ያሳውቃል፤ ያየው ሁሉ ሊያከብራት፣ ክፉ ቃልም እጅም ሊነሣባት አይገባም። የጤንነቷ ወሬ በአደባባይ ታይቷል፤ ግን የታየው ሊጠብቃት ነው። ገመና መጠበቅ ሁሉን መደበቅ ብቻ እንዳልሆነ የደጋው ባህል ከሕግ መጻሕፍት ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ጥብቅ ምስጢር የሚሆነው ሌላ ነበር፦ ሥጋ ደዌ፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይመረምራልና፣ የአንድ ልጅ ሕመም የእህቶቹን ሁሉ ዕድል ይዘጋል። ስለዚህ ምስጢሩን የሚይዘው ሕሙሙ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ነበር። የታመመውን ልጅ ጓዳ መደበቅ ለሕሙሙ ሲባል የተደረገ ጥበቃ ሳይሆን ለቤቱ ስም ሲባል የተደረገ ነው። ይህን ዘመን ስናጠቃልል፦ መድኃኒቱ የባለሙያው፣ ገመናው የቤተሰቡ፣ ጥበቃውም የሃይማኖትና የባህል ነበር። ሁሉም በሰው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የሚያልፍ ነገር ነው።

ስም በወረቀት ሲሰፍር

ሁለተኛው ዘመን ከቀለምና ከወረቀት ጋር መጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ሲቆም፣ በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጡ። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የአውራጃ ከተማ መታወቂያ እየሆነ ሄደ።

እነዚህ ተቋማት መርፌና ክኒን ብቻ አላመጡም፤ ካርድም አመጡ። ሐኪሙ ተቀያያሪ ነው፤ የዛሬው ነገ ይዛወራል። ስለዚህ ትናንት የተነገረው ነገር ከተናጋሪውም ከሰሚውም ተለይቶ ወረቀት ላይ መቀመጥ ነበረበት። በዚህች ቅጽበት የታካሚ ምስጢር ባሕርይ ተለወጠ። በሰው ሆድ ያለ ነገር ከሰውየው ጋር ይሞታል፤ በወረቀት የሰፈረ ነገር ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ ይወርሰዋል።

ያ ዘመን በአርሲ ደጋ ከሌላ መዝገብ ጋር ተገጣጠመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጪላሎ አውራጃ የግብርና ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ መቀመጫው አሰላ ሆነ፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ካዱ» ብሎ ያስታውሰዋል። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያድል፣ ቀድሞ በጭቃ ሹም አፍ ብቻ ይታወቅ የነበረው ጭሰኛ ስሙ በቅጽ ላይ ሰፈረ፤ ስንት እንዳበደሩት፣ ስንት እንደመለሰ ተጻፈ። የደጋው ገበሬ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚጻፍ ሰው ሆነ፤ ጤናውም ንብረቱም መዝገብ ገባ።

በዚሁ ምድር የምስጢር መጠበቅ ጨርሶ የማይቻልበት በሽታም ነበር። ዛሬ በምዕራብ አርሲ በሚገኘው ጋምቦ የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያስጠጉ ነበር። ሥጋ ደዌ በፊትና በጣት ላይ የሚነበብ በሽታ ነው፤ ካርድ ቢቆለፍም አካሉ ይናገራል። ከዚያም አልፎ የማዕከሉ ስም ራሱ ምስክር ይሆናል፦ «ጋምቦ ሄደ» ማለት ብቻውን ምርመራና ውጤት ነበር። የተቋም ስም የሕሙሙን ምስጢር እንደሚያወጣ ከዚያ በኋላ የመጡት ዘመናትም በተራቸው አይተውታል።

በአጭሩ፣ ሁለተኛው ዘመን ምስጢርን ከሆድ ወደ ወረቀት አወጣው። ወረቀቱን ማን እንደሚያይ የሚወስን ሥርዓት ግን ገና አልመጣም ነበር፤ መስኮቷ ነበረች፤ መጋረጃ ግን አልነበራትም።

ሕጉ ወረቀቱን ሲከተል

መጋረጃው በመጀመሪያ የመጣው በሕግ መጽሐፍ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቁ በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል አደረገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና የፈረንሳዊው የረኔ ዳቪድ እጅ ያለበት የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሙያ ምስጢር ቦታ ሰጠ። የሐሳቡ ሥር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየው የግሪኮቹ የሐኪሞች መሐላ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሐኪሞች ማኅበርም በ1948 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ መግለጫው አድሶታል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያንኑ መንገድ ይዟል። በአንቀጽ 399 ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ አዋላጁንና የመድኃኒት ባለሙያውን ከሃይማኖት አባትና ከጠበቃ ጋር በአንድ ረድፍ ያቆማል። ይህ ረድፍ ታሪክ አለው፦ ቀድሞ የንስሐ አባት ይዞት የነበረውን አደራ ሕጉ ለነጭ ገዋኑም አካፈለው። ባለ ምስጢሩ ሲፈቅድ ወይም ሥልጣን ያለው አካል በሕግ ሲያዝ ምስጢሩ የሚገለጥበትን በርም ሕጉ አበጅቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎ ከበላይ አጸናው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ብዙ አልተለወጠም። አንደኛው ምክንያት በሕጉ ውስጥ ያለ ነው፤ ክሱ የሚነሣው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ለማመልከት ያንኑ ምስጢር በፖሊስ ጣቢያና በችሎት ደግሞ ማውጣት አለበት። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ይህን የሚመርጥ ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ የሚያየው የሚናገረውን አፍ መሆኑ ነው፤ ያልተቆለፈውን ሣጥን፣ ክፍት የተተወውን መዝገብ አያይም። ሐኪሙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ምስጢር ሊወጣ እንደሚችል ለመረዳት ሌላ ዘመን ያስፈልግ ነበር።

የማይጠራው በሽታ

ያ ዘመን በኤች አይ ቪ መጣ። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1976 ዓ.ም. ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በሽታው ስሙ እንኳ የማይጠራ፣ በአሽሙር የሚነገር ሆነ። በዚያ ጊዜ የአንድ ሰው የምርመራ ውጤት መውጣት ትዳር ያፈርሳል፣ የቤት ኪራይ ያስለቅቃል፣ እንጀራ ያዘጋል። የታካሚ ምስጢር ከሥነ ምግባር መማሪያ ወጥቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው።

የ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ የምርመራን ምስጢራዊነት መርሕ አደረገ። በበጎ ፈቃድ የምክርና የምርመራ አገልግሎት ተመርማሪው በስሙ ፈንታ በኮድ ይጠራ ጀመር። ያች ትንሽ ቁጥር በአገራችን የታካሚ ምስጢር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ፈጠራ ናት፤ በሽታውን ከስሙ ለይታ ማስቀመጥ ችላለችና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ለቅጥር ከሚጠየቀው የጤና ማስረጃ የኤች አይ ቪ ምርመራን አስወጣ። በሌላው ወገን እንደ ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት የተሰባሰቡ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ፊታቸውን ገልጠው ተናገሩ። ራሱ ወዶ የተናገረ ሰውና ሌላ ሰው ያወራበት ሰው አንድ እንዳልሆኑ ሕዝቡ በዓይኑ አየ። የቀነፋው ትምህርት በሌላ መልክ ተመለሰ።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን ኮዱ ብቻውን አልበቃም። አንድ ቀን ተመርምሮ የሚሄድ ሰው በቁጥር ይስተናገዳል፤ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ያስፈልገዋል፤ ቀጠሮ ሲያሳልፍም ተፈልጎ መገኘት አለበት። ምስጢሩ ከቁጥር ወደ ስም ተመለሰ።

ታካሚው የራሱን ጥበቃ ፈለሰፈ፤ እርሱም ርቀት ነው። በመላ አገሪቱ እንደታየው የአንዱ ከተማ ሰው መድኃኒቱን ከሌላው ከተማ መውሰድ ጀመረ፤ የደጋው ሰው ወደ አዳማ ይወርዳል፣ የሌላው አገር ሰው ወደ ደጋው ይወጣል። በመነኸሪያው ጀርባ የብልቃጡ ወረቀት ተልጦ ይጣላል፣ ክኒኑም እንዳይንኮሻኮሽ በጥጥ ይጠቀጠቃል። በወር አንድ ቀን የትራንስፖርት ሒሳብ ከፍሎ የሚገዛው መድኃኒቱን አይደለም፤ እርሱ በነፃ ነው። የሚገዛው የማያውቀውን የካርድ ክፍል ነው። አቅም ያነሰው ደግሞ መድኃኒቱን ያቋርጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ግልባጩም እውነት መሆኑ እዚህ ታየ፤ ምስጢሩ የማይጠበቅለት ሰው በሽታውን ይደብቃል።

የዚህ ዘመን ማጠቃለያ ግልጽ ነው። ምስጢር መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አካል መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን ጥበቃው በአንድ በሽታ ዙሪያ ተገነባ፤ የስኳሩ፣ የአእምሮው፣ የሳንባ ነቀርሳው ታካሚ በዚያችው በአሮጌዋ መስኮት ቀረ።

ማህደር በየቀበሌው

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር መዝገቡ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጎጆ ሄደ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው በአገር ደረጃ ከ30,000 በላይ ደረሰ። ቆይቶም በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማህደር ገባ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማህደር ይከፈታል፤ ክትባቱ፣ እርግዝናው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሁኔታ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ይሰፍራል።

የፕሮግራሙ ብርታት የሠራተኛዋ የሠፈር ልጅ መሆን ነው፤ ፈተናውም እዚያው ላይ ነው። ባሏ ሳያውቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የምትወጋ ሴት ምስጢሯ በቤተሰቡ ማህደር ውስጥ ነው፤ ማህደሩ ደግሞ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው ስም ነው። በጥንቱ ዘመን የጤና ምስጢር የቤተሰብ ነበር ብለናል። ዘመናዊው ሥርዓት የግለሰብን መብት በሕግ እያወጀ፣ ወረቀቱን ግን መልሶ በቤተሰብ አቀፈው።

በሆስፒታሎችም ለውጥ ተካሄደ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለካርድ አያያዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠ፤ ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥር ይሰጥ፣ ካርዱ ሲወጣ በቦታው መከታተያ ይተካ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የታካሚን ምስጢር መጠበቅን የጤና ተቋማትና የባለሙያዎች ግዴታ አድርጎ አካተተው። ቀደም ሲል የ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ሲል የሰውን የግል መረጃ ለይቶ ከልሎት ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲስፋፋ ደግሞ በታካሚውና በሐኪሙ መካከል ሦስተኛ ወገን ገባ። ገንዘብ ከፋዩ ምን እንደከፈለ ማወቅ ይፈልጋል፤ ለማወቅ ካርድ ያያል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር ሥርዓቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈተነ። ዕለታዊው መግለጫ ስም አይጠራም፤ ዕድሜ፣ ጾታና የጉዞ ታሪክ ብቻ ይናገራል። ሆኖም ቱታ የለበሰ ሠራተኛ የያዘ አምቡላንስ አንድ ግቢ በር ላይ ሲቆም ስም መጥራት አያስፈልግም። የተላላፊ በሽታ ሪፖርት በ1992 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አዋጅ የተጣለ ግዴታ ነበር፤ የሕዝብ ደኅንነትና የአንድ ሰው ገመና እንዴት እንደሚታረቁ ግን ኮቪድ ጠይቆ አለፈ።

ባጭር ቃል፣ ይህ ዘመን መዝገቡን አበዛው፤ ያዦቹንም አበዛቸው። ሕጎቹም በዙ፤ ግን አንዱ በጤና፣ አንዱ በወንጀል፣ አንዱ በመረጃ ስም ተበታትነው ቀሩ።

አዋጁና ክሊኒኩ

አሁን ወዳለንበት ዘመን ደርሰናል። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ፋይዳ ለተባለው መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ የጤና መዝገብም ከአንድ አገራዊ ቁጥር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ተከፈተ። ወረቀት ለመስረቅ መደርደሪያው ዘንድ መድረስ ያስፈልግ ነበር፤ የኮምፒውተሩን መዝገብ ለመውሰድ ግን አሰላ መምጣትም አያስፈልግም። አርሲ የሯጮች አገር ናትና አንድ የቅርብ ምሳሌ እንጥቀስ፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የመረጃ ቋት በጠላፊዎች ተሰብሮ፣ የታዋቂ ኦሊምፒያኖች የመድኃኒት ፈቃድ ዶሴ በኢንተርኔት ተበትኗል።

ዓለም በየፊናው ሕግ አወጣ። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የጤና መረጃን ለይታ የሚመለከት ሕግ ደነገገች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ለግል መረጃ ሁሉ የሚሠራ ደንብ በሥራ ላይ አዋለ፤ ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከተለች። ኢትዮጵያ የአውሮፓውን ዓይነት አጠቃላይ መንገድ መረጠች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ።

ይህ አዋጅ የመጣንበትን መንገድ ያጥፈዋል ማለት ይቻላል። የወንጀል ሕጉ አፍን ሲያይ፣ አዋጁ ሣጥኑን ያያል። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጥብቅ መረጃዎች ይመድበዋል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ እንዳይውል ይከለክላል። ታካሚው የተጻፈበትን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው። መረጃ ያዡ በባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ፣ መረጃው ቢያመልጥም በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ከሁሉ በላይ የመረጃው ባለቤት ቤተሰቡም፣ ሐኪሙም፣ ተቋሙም ሳይሆን ሰውየው ራሱ ነው። በጥንቱ ዘመን የቤቱ ስም ጉዳይ የነበረው ገመና በመጨረሻ ለባለ ገመናው ተመለሰ፤ ቢያንስ በነጋሪት ጋዜጣ።

ይህ በአንድ የአውራጃ ከተማ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ ምን ማለት ነው? የክሊኒኩ ባለቤት እስከ አሁን የሚያውቀው የጤና ቢሮ ተቆጣጣሪን ነው፤ እርሱ አልጋ ይቆጥራል፣ የባለሙያ ፈቃድ ያያል፣ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ይመረምራል። አሁን ሌላ ዓይነት ጥያቄ መጥቷል። ምን ትመዘግባለህ? ለምን? ማን ያየዋል? እስከ መቼ ታቆየዋለህ? ጥያቄዎቹ ትልቅ ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን ከትናንሽ ነገር ይጀምራል። የካርዱ መደርደሪያ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም ሚስማር ላይ አይንጠልጠል። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል አይግባ፤ ቃሉም በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር አይለጠፍ። ሶፍትዌሩን የሸጠው ሰው በማን ፈቃድ ከሩቅ እንደሚገባ በውል ይታወቅ። ያረጀ መዝገብ ይቃጠል ወይም ይቀደድ እንጂ የቆሎ መጠቅለያ አይሁን።

ከዚህ የሚከብዱም አሉ። ወጣቱ ሐኪም የተጠራጠረውን የራጅ ፎቶ በቴሌግራም ወደ መምህሩ ይልካል፤ ይህ በደጋው ሕይወት ያተርፋል፤ ግን በፎቶው ጥግ የታካሚው ስም ተጽፏል። ስሙን በአውራ ጣት ከልሎ ማንሣት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ ልማድ ማድረጉ ግን ሥልጠና ይጠይቃል። አስተርጓሚውም አለ። አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር እናት ቋንቋውን ከማያውቅ ሐኪም ፊት ስትቀርብ በመካከል የሚቆመው የፅዳት ሠራተኛ፣ አስታማሚ፣ አንዳንዴም የራሷ ትንሽ ልጅ ነው። የማኅፀኗን ሕመም በልጇ አፍ እንድትናገር የተደረገች ሴት ዝም ብትል አይፈረድባትም። አዋጁ ስለ ሰርቨር ብዙ ይላል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ትልቁ ቀዳዳ ቋንቋ ነው።

ምርምርም የራሱን ጥያቄ ይዞ መጥቷል። በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራል፤ የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም በዚሁ ትብብር በአሰላ ቆሟል። ይህን በመሰለ የሁለት አገር ሥራ የአንድ ደገኛ ገበሬ የምርመራ ውጤት የሁለት ሕጎች ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ካዱ የገበሬውን ስም በመዝገብ ባሰፈረበት ከተማ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ የገበሬው ደምና አክታ ስሙ ተነሥቶ፣ በቁጥር ተተክቶ ይጠናል። በኤች አይ ቪ ዘመን የተማርናት ያች ትንሽ ኮድ ዛሬ የዓለም ሳይንስ ደንብ ናት።

የመንገዱ ማሰሪያ

መንገዱን መለስ ብለን ብንቃኝ አራት ያዦች እናያለን፦ ሆድ፣ ወረቀት፣ ማህደር፣ ሰርቨር። ሆድን የጠበቀው እምነትና ወዩ ነው። ወረቀቱን የወንጀል ሕጉ በሩቁ ተከተለው። ማህደሩን የተበታተኑ ደንቦች አጀቡት። ሰርቨሩን አዋጁ ገና ብዙ ሳይርቅ ደርሶበታል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕጉ ይህን ያህል የቀረበበት ጊዜ የለም። ነገር ግን አራቱም ዛሬ በአንድ ግቢ አብረው ይኖራሉ። በአርሲ ደጋ በአንድ ጠዋት አንዲት ሴት ለንስሐ አባቷ ወይም ለሼኳ ተናግራ፣ በመስኮቷ ካርድ አውጥታ፣ በጤና ኬላው ማህደር ተጽፋ፣ በሐኪሙ ኮምፒውተር ልትገባ ትችላለች። ሕጉ የጠበቀው የመጨረሻውን ብቻ ከሆነ፣ ምስጢሯ በመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ወጥቶ ያድራል።

ስለዚህ የአዋጁ ፈተና መስኮቷ ፊት ያለው ነገር ነው። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደኋላ የሚል ቀለም በወለሉ ላይ ቢቀባ፣ ክፍሉ በስም ፈንታ በቁጥር ቢጠራ፣ በሩ ሲዘጋ የሚዘጋ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ያንሳል። አራሷ ቀነፋዋን በግንባሯ ላይ ስታስር ሁሉም እንዲያይ ፈቅዳ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ትፈታዋለች። ካርድ ክፍሉ ፊት የቆመችው ሴትም ስለ ራሷ የሚታየውን ራሷ ማሰርና ራሷ መፍታት የቻለች ዕለት፣ አዋጁ ጪላሎ ሥር ደርሷል እንላለን።